«ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ነው?» ለምትሉኝ ልጆቼ

ድሮ የወገብ ሕመምተኛ ክፍሌ ሲገባ የሚጠይቀኝ «ዶክተር፣ ወገቡን ቢላ ነክቶት ቆሞ የሄደ ሰው አለ?» ብሎ ነበር። እናንተ ደግሞ ገና ሳትቀመጡ ስልካችሁን ታወጡና የባንኮክ ወይም የኢስታንቡል የወገብ ቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ታሳዩኛላችሁ። «ይኼ በቀዳዳ የሚሠራው እዚህ አለ? ቀዳዳው ስንት ሴንቲ ነው?» ጥያቄው አያስቀይመኝም። የሚያሳስበኝ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ መሆኑ ነው።

«ዲስኬ ተንሸራተተ» ትላላችሁ እንጂ የሚንሸራተት ነገር የለም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ለስላሳው ውስጡ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1934 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ይህን እስኪያስረዱ ድረስ፣ ከዚያ ቦታ የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ዕጢ እየተባለ ይታለፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተለወጠው የምንገባበት በር ነው። በ1977 ያሳርጊልና ካስፓር ማይክሮስኮፕ አመጡ። በ1997 ፎሊና ስሚዝ ጡንቻውን ከአጥንቱ ሳይልጡ፣ በየተራ በሚወፍሩ ቱቦዎች ገለል አድርገው መግባትን አሳዩ። ዛሬ ቱቦው ሁለት ሴንቲ አይሞላም፤ በኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ብቻ ከተሠራ አንድ ሴንቲም ይበቃል። ደም ብዙ አይፈስም፣ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን፣ ቤት ይገባል።

እኔም ቱቦውን ወድጄዋለሁ፤ ለመልመድ ብዙ ደክሜበታለሁ። ስለዚህ በ2009 ከሆላንድ የወጣውን ጥናት ሳነብ ቅር አለኝ። 328 ሕመምተኞች፣ ግማሾቹ በቱቦ፣ ግማሾቹ በተለመደው የማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና ታክመው፣ ዓመት ሲሞላ የቱቦዎቹ አልበለጡም፤ እንዲያውም የእግርና የወገብ ሕመማቸው ትንሽ ብሶ ተገኘ። ከቀዳዳው ስፋት ይልቅ የሠሪው እጅና ሥራው ለማን እንደተሠራ ሳይበልጥ አይቀርም።

እዚያው ሆላንድ በ2007 ደግሞ እግራቸውን ሲነዝራቸው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የቆዩ 283 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር፤ አንዱ ወገን ቶሎ እንዲቀደድ፣ ሌላው እንዲጠብቅ። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ዳኑ። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ ተሽሏቸዋል። ከጠባቂዎቹ ከመቶ 39ኙ በኋላ ተቀድደዋል፤ የቀሩት ቢላ ሳይነካቸው ከረሙ። ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው ማለት ነው። ጊዜ ቀላል ነገር ነው አልልም፤ ለቀን ሠራተኛ ሦስት ወር መተኛት የልጆች ምሳ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «አሁኑኑ ሥራልኝ» ቢለኝ እሠራለታለሁ።

የማልሠራለት ኤምአርአዩን፣ የወገቡን ውስጥ የሚያሳየውን ፊልም፣ ብቻ ይዞ የመጣውን ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው የሃያ ዓመት ወጣቶች ኤምአርአይ ተነሥተው ሲታዩ እንኳ ከመቶ 37ቱ ያረጀ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ፊልሙ ላይ ያለው ሁሉ የሚያማችሁ ነገር አይደለም። ይህን የተማርኩት በሰው ወገብ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ወገቡን ብቻ ነው የሚያመው፣ እግሩ ላይ ምንም የለም። ፊልሙ ላይ አንድ ያበጠ ዲስክ አየሁ፣ ልጁም ለመነኝ፣ አዲሱ ቱቦም እጄን ይበላኝ ነበር። ሥራው አማረ። በሦስተኛው ወር መጥቶ ሸሚዙን ገለጠና «ዶክተር፣ ጠባሳው አያስታውቅም፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው» አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ እኔን ወይም ሌላ ሐኪም ስታገኙ አስቀድማችሁ «የሚያመኝ በእርግጥ ይኼ ዲስክ ነው? ብጠብቅ ምን እሆናለሁ?» በሉ። እስከዚያው ተራመዱ፣ አልጋ ላይ አትክረሙ፣ ወገባችሁንም ለማንም አታስረግጡ።

የማይጠበቅበት አንድ ነገር አለ። ሽንት አልወጣ ካላችሁ ወይም ሳታውቁት ካመለጣችሁ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው ሰውነታችሁ ከደነዘዘ፣ እግራችሁ ከከዳችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። የዚያን ሌሊት ስለ ቀዳዳ አታንሡብኝ፤ ነርቩ እስኪተነፍስ ድረስ ሰፋ አድርጌ ነው የምከፍተው።