መልስ፦ የቡድን ሥራ ውጤት ለሁሉም እኩል ይሰጥ?

ሰላም መምህርት፣ ጎንደር ውስጥ በሚያስተምሩት የታሪክ ክፍል ለቡድን ሥራ ለአምስቱም አባላት እኩል ውጤት መስጠት ተገቢ መሆኑን ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ፍትሐዊ አይደለም። አንዷ ስትጽፍ አምሽታ አራቱ ስማቸውን ብቻ ካስመዘገቡ፣ ውጤቱ የአራቱን ዕውቀት አይነግርዎትም፤ የእርሷንም ድካም ያራክሳል። ሥራውን በጋራ ይሥሩ፤ ከ10 ነጥብ ግን 4ቱን ለቡድኑ፣ 6ቱን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ብቻውን ለሚጽፈው አጭር መልስ ይስጡ።

ጥያቄው ራሱም ይታሰብበት። «ጎንደርን ማን ቆረቆረ?» የሚለው ከጎረቤት ወረቀት በጨረፍታ ይገለበጣል። «ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ቋሚ መናገሻ ማድረጋቸው፣ ከቀድሞው ተዘዋዋሪ የነገሥታት ሰፈር ጋር ሲነጻጸር ምን ለወጠ?» ቢሏቸው ግን ማሰብ ግድ ይላቸዋል። ፋሲል ግቢን እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸውና የሚጽፉት አያጡም!

መስፈርቱን ሥራው ሳይጀመር ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው፦ ለምክንያት ስንት፣ ለማስረጃ ስንት ነጥብ እንዳለው። የእጅ ጽሑፍ ውበት ነጥብ ሊያሰጥ አይገባም። ስማቸውንም ከወረቀቱ ጀርባ ያስጽፏቸው፤ «ጎበዝ» የምንለው ልጅ ስም አስቀድሞ ከታየ እርማቱን ያዛባል። ተማሪው ብዙ ከሆነ ሦስት መስመር መልስ ይበቃል።