«አርሜዋለሁ» ወይስ «ኤዲት አድርጌዋለሁ»?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤና ሪፖርት አዘጋጃለሁ። አለቃዬ የጻፉትን ረቂቅ «እስቲ ኤዲት አድርጊው» ብለው ሰጡኝ። ሠርቼ ስመልስ «ደብዳቤውን አርሜዋለሁ» የሚል ማስታወሻ አያያዝኩበት። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለመሆኑ ምን ስሕተት አገኘሽበት?» አሉኝ። የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ መተካቴ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? «ኤዲት»ስ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው? በዚያው «አርታዒ» ነው ወይስ «አርታኢ» የሚለውን ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ጥፋት የለብዎትም፤ አለቃዎም ግን ያለ ምክንያት አልተቀየሙም። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ የሚነቀለውም አረም ይባላል። መምህር ፈተና ያርማል። ወህኒ ቤቱንም «ማረሚያ ቤት» ማለት ከጀመርን ቆየን። በሁሉም ዘንድ የሚነቀል ወይም የሚቃና ነገር አለ። (መቶ ከመቶ ያገኘችው ልጅ ወረቀትም «ታርሟል» መባሉ ይገርመኛል፤ ልማድ ነው።) «አርሜዋለሁ» ሲሏቸው የሰሙት «ደብዳቤዎ አረም ወርሶት ነበር» የሚለውን ነው።

«ኤዲት» የሚመቸው ምን እንደተሠራ ስለማይናገር ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ የጨመረም፣ ሙሉውን እንደ አዲስ የጻፈም «ኤዲት አድርጌዋለሁ» ይላል። የአማርኛዎቹ ቃላት እንዲህ አይሸፋፍኑም። የፊደል ግድፈት ከለቀሙ «አረምኩት» ይበሉ። ሐሳቡን ካደሱና ከጨመሩበት «አሻሻልኩት» ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 105 «ማሻሻል» የሚለውን ግስ የያዘው በዚህ ትርጉም ነው። አንድ አዋጅ «ታረመ» ቢባል የፊደል ስሕተት ተገኘበት ብለን እናልፋለን፤ «ተሻሻለ» ከተባለ ግን ምን ተቀየረ ብለን እንጠይቃለን።

ስወደው የኖርኩት ቃል «ከለሰ» ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ወጡ ሊወርድ ሲል መከለሻ ታደርግበታለች። ወጡ ቀድሞ በስሏል፤ መከለሻው መዓዛውን ሊያወጣ ነው የሚገባው። ተማሪም ለፈተና ሲቀርብ «እየከለስኩ ነው» ይላል። ያለቀለትን ጽሑፍ መልሶ ዓይቶ እዚህም እዚያም ነካ ነካ ማድረግ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያገኝ አይመስለኝም። ለአለቃ ግን «ከለስኩት»ም ትንሽ ደፈር ያለ ነው። «ረቂቁን ዓይቼ አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ» ቢሉ ኖሮ ፊታቸው አይለዋወጥም ነበር።

ወደ ሰዋስዉ ልምጣ። «ኤዲት» ብቻውን አይረባም፤ «ማድረግ» ይሸከመዋል። «ኮፒ አደረገ»፣ «ሴቭ አደረገ»፣ «ዲሊት አደረገ» እንደምንለው ማለት ነው። እርባታው በሙሉ የ«አደረገ» ነው፦ ኤዲት አድርጊው፣ ኤዲት ተደርጓል፣ ጽሑፌን ኤዲት አስደረግሁት። የመጨረሻው ምላስ ላይ ሲንገዳገድ ይታይዎታል? «አሳረምኩት» ግን በአንድ ቃል ያልቃል። ሁለት ጓደኛሞች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሲያይ «ተራረሙ» እንላለን፤ «ኤዲት ተደራረጉ» የሚል ሰው ገና አላጋጠመኝም።

«አርትዖት»ን በ«ኤዲት» ቦታ ልክክ አድርጎ መተካትም ያደናቅፋል። «ጽሑፉን ኤዲት አደረግሁት» ያስኬዳል። «ጽሑፉን አርትዖት አደረግሁት» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። አርትዖት ራሱን የቻለ ስም ስለሆነ «በጽሑፉ ላይ አርትዖት ሠራሁ» ወይም «አርትዖት ተደርጎበታል» ሲባል ነው የሚያምረው። ለመጽሐፍ ሥራ ተገቢው ቃል እሱ ነው። ለአንዲት ገጽ ደብዳቤ ግን ካባ ደርቦ ገበያ እንደመሄድ ይሆናል።

«ኤዲት»ን ከአማርኛ እናባርረው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በቪዲዮና በፎቶ ዘንድ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጧል። እንዲያውም ሌላ ሥራ ይዟል። አንድ አጠራጣሪ ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ «ኤዲት ነው» የሚል አስተያየት ይከተላል። ውሸት ነው፣ ተቀጣጥሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ማድረግ»ንም ጥሎ ብቻውን ቆሟል። «አርትዖት ነው» ብለው ቢጽፉ ማንም አይገባውም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ በአመጣጡ «አርታዒ» ነው። ግሱ የግዕዙ «ረትዐ» ነው፤ ቀና፣ ቀጥ አለ ማለት ነው። «አርትዐ» ደግሞ አቀና። ንግግሩ የሚጥመውን ሰው «አንደበተ ርቱዕ» የምንለው፣ ሕግ ዐዋቂዎች «ርትዕ» የሚሉት ሁሉ ከዚህ ነው፤ ሁሉም በዐይኑ «ዐ» ይጻፋሉ። አርታዒ እንግዲህ አቅኚ ነው፤ ከአራሚ ይልቅ ለስለስ ይላል። አማርኛ «ዐ»ን ከ«አ» በድምፅ ስለማይለይ «አርታኢ» ብሎ የጻፈውንም አልከስም፤ ብዙ መጽሐፍ ላይ እንዲያ ታትሟል። እኔ በዐይኑ እጽፋለሁ። ስልኬ ግን አሁንም «አርታኢ» እያለ ያርመኛል።