ቢራው ነው ወይስ ቅዳሜው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ አዘን ቁጭ እንላለን። እዚያ ያለውን ቢራ አራት አምስት ከጠጣሁ እሑድ ራሴን ሲፈልጠኝ ይውላል፤ ቆሜ ማስቀደስ ሁሉ ያቅተኛል። በሥራ ቀን ግን ሠፈሬ ውስጥ ሌላኛውን ቢራ ሁለት ጠጥቼ ብተኛ ምንም አይለኝም። ጓደኞቼ «ያኛው ኬሚካል አለበት» ይላሉ። እውነት ነው? እሑድ እሑድ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጥኩ ነው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የሁለቱንም ቢራዎች ስም ጽፈውልኝ ነበር፤ አውጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ጥፋተኛው ቢራው አልመስለኝ አለ። እርስዎ ያወዳደሩት ሁለት ቢራ ሳይሆን ሁለት ቀን ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ከአንዱ አምስት፣ ከሌላው ሁለት። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። አምስቱ 65 ግራም ሆነ ማለት ነው። የአብዛኛው ሰው ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ምሽት 1 ሰዓት የጀመረ ሰው፣ ጉበቱ ሥራውን የሚጨርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሀንጎቨር ደግሞ የሚብሰው በስካሩ ሰዓት አይደለም፤ አልኮሉ ከደም ሊወጣ ሲቃረብ ነው። እርስዎ ለቅዳሴ ሲነሡ ማለት ነው።

የጠርሙሱን ወረቀትም ያንብቡ። 4.5 በመቶ እና 5.5 በመቶ ሲታዩ ልዩነታቸው ኢምንት ይመስላል። አራት አራት ጠርሙስ ሲጠጣ ግን ልዩነቱ ወደ 10 ግራም ይጠጋል። ሳያዙት አንድ ጠርሙስ ተጨመረልዎ ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር ጠርጥሬአለሁ። ጣና ዳር ዓሣ ሲታዘዝ ቶሎ አይደርስም። ቢራው ግን ወዲያው ይመጣል። ዓሣው ተጠብሶ ጠረጴዛ ላይ እስኪወጣ ሁለት ጠርሙስ ባዶ ሆድ ላይ ገብቷል። ባዶ ሆድ ላይ የገባ አልኮል ደም ውስጥ ለመድረስ አይዘገይም፤ ምግብ ካለ ግን ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ላይ ኩላሊት ውሃ ቆጥቦ እንዲይዝ የሚያዝዘውን ሆርሞን አልኮል ያፍነዋል። ወደ ሽንት ቤት መመላለሱ የመጣው ከዚህ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት አስቡት።

አሁን ወደምወደው ተጠርጣሪ ልምጣ፤ ቡና። ይጠጡ አይጠጡ አልጻፉልኝም፤ ግን የባሕር ዳር ሰው ነዎትና እጠጣለሁ እንዳሉኝ ቆጥሬዋለሁ። በሥራ ቀን ቢሮ ሳይገቡ የጀበና ቡና አለ። ቅዳሜ የመጨረሻዋን ሲኒ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ጠጡ እንበል። እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ እህል ውሃ አይቀመስም። ቤት ገብተው ጀበናው እስኪጣድ 4 ሰዓት ሆነ። ድፍን 20 ሰዓት! የቡና ሐራራ ራስ ምታት የሚጀምረው ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልክ ሰዓቱ ላይ ነዎት። አቦሉን ጠጥተው በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀለል ካለልዎ፣ ቢራውን ያለ ጥፋቱ ከስሰውታል፤ ቢያንስ ግማሹን ጥፋት።

«ኬሚካል» ለሚሉት ጓደኞችዎ፦ አልኮል ራሱ ኬሚካል ነው፤ ጉበት ሲፈጨው የሚወጣው አሴታልዴሃይድም ከእሱ የባሰ መርዝ ነው። ግን በሐሳባቸው ውስጥ እውነት የለም አልልም። እርሾ ብቅሉን ሲያፈላ ከአልኮሉ ጋር ሌሎች ነገሮችም ይፈጠራሉ። ሂስታሚንና ታይራሚን የሚባሉት አንዳንድ ሰው ላይ ራስ ምታት ያስነሣሉ፤ መጠናቸውም ከቢራ ቢራ ይለያያል። ድራፍት ላይ ታይራሚን ከፍ ሊል ይችላል። እንደዚያም ሆኖ፣ በሁለት ነጫጭ የጠርሙስ ቢራዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለትና ከአምስት ልዩነት አይበልጥም።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ያገላብጡት። የተጠረጠረውን ቢራ በሥራ ቀን፣ እራት በልተው፣ ሁለት ብቻ ይጠጡ። በማግሥቱ ቡናዎን እንደ ወትሮው ይጠጡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይህን አድርገው ራስዎ ዝም ካለ ቢራው ነጻ ነው። እራት በልተውም፣ ቡና ጠጥተውም ካመመዎት ያኔ ቢራውን ይተዉት፤ ማንም አያስገድድዎትም። ሕመሙ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ብርጭቆ፣ በአንድ ጎን እየወጋ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር፣ ብርሃን እየረበሸዎት ከሆነ ግን ነገሩ ማይግሬን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ዳይክሎፌናኩን ግን አልወደድኩትም። ቢራ ያቆሰለው ጨጓራ ላይ፣ ያውም ባዶ ሆድ፣ በየሳምንቱ! ፓራሲታሞልም ብዙ ከተጠጣ በኋላ ለጉበት ሸክም ነው። ውሃ፣ ጨው ያለው ሾርባ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ቡናው።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ይንገሩኝ። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ጀምረው በዚያ ላይ ቢራ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። ፊት መቅላት፣ ማስታወክ፣ ራስ ምታት ሲመጣባቸው ቢራውን ይወቅሳሉ። መድኃኒቱ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ሦስት ቀን ይታገሱ።

ቢራ ላይ የማይላከክ ራስ ምታትም አለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደምዎን ለወባ ያስመርምሩ፤ ጣና ዳር እየኖሩ «ሀንጎቨር ነው» ብሎ መተኛት ደግ አይደለም። አንገት ከደረቀ፣ ወይም ሕመሙ እንደ መብረቅ በአንዴ ከመታ፣ ወይም ሰክረው ወድቀው ራስዎን ተመትተው ከሆነ፣ ወይም አንድ ጎን ከደከመ፣ ሆስፒታል ነው። ቢራውን በቤት በተጣራ አረቄ ለሚቀይሩ ጓደኞችዎም ይህን ይንገሩልኝ፤ ከአረቄ በኋላ ራስ አሞ ዓይን ከደበዘዘ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ሊሆን ይችላልና በዚያው ሌሊት ባጃጅ ይጠራ እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅ።