«ጠንቋይ»፣ «ሻማን» ወይስ «ዐዋቂ»? መብረቅ የመታው የአንዲስ ሰው በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ ስለ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ርእሱን «የአንዲስ ጠንቋዮች ጥምቀት አመጣጥ» አልኩት። ጓደኛዬ «ጠንቋይን ተወው፣ ሻማን በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ከርእስዎ የወደድኩት «አመጣጥ»ን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «መነሻ» ይል ነበር። «መነሻ» አንድ ቦታና አንድ ቀን ይፈልጋል፤ «አመጣጥ» ግን እንደ «አካሄድ»፣ እንደ «አነጋገር» ሁሉ ነገሩ የመጣበትን መንገድ ነው የሚናገረው። መብረቅ የመታውን ሰው ፈዋሽ የሚያደርገው ይሄ ሥርዓት ደግሞ የመጀመሪያ ቀን የለውም። በጽሑፍ የምናገኘው ስፔኖች ከገቡ በኋላ ነው። በ1570ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፔሩዋ ከተማ ኩስኮ የነበረው ቄስ ክሪስቶባል ዴ ሞሊና፣ መብረቅ ካስደነገጣቸው በኋላ የመፈወስ ጸጋ ከነጎድጓድ ተቀበልን ስለሚሉ ሰዎች ጽፏል። «ካማስቃ» ይላቸዋል። በኬቹዋ፣ በአንዲስ ሕዝቦች ቋንቋ፣ «ካማይ» ኃይል ማሳደር፣ ሕይወት መስጠት ነው፤ «ስቃ» ሲጨመርበት ተደራጊ ይሆናል። ኃይል ያደረበት ሰው ማለት ነው።

«ጠንቋይ» ላይ ግን በፍጹም አልስማማም። «አንባቢ ቶሎ የሚረዳው እሱን ነው፣ ስፔኖቹስ ያሉት ያንኑ አይደል?» የሚሉ አሉ። ችግሩም እሱ ነው! ፓብሎ ሆሴ ዴ አሪያጋ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1621 መጽሐፍ ሲያወጣ ዓላማው ይህንን እምነት ከፔሩ መንቀል ነበር። «ኤቺሴሮ»፣ በስፓኒሽ ጠንቋይ፣ የከሳሽ ቃል ነው። እኛም «ጠንቋይ» ስንል ምስክሩን ሳንሰማ ፈረድን ማለት ነው። ይኸው አሪያጋ እንኳ መብረቅ መትቶት የተረፈ ሰው፣ አካሉ ቢጎድልም፣ ለአገልግሎት እንደተመረጠ እንደሚቆጠር መዝግቧል።

ሰዎቹ ራሳቸውን ምን ይላሉ? በአይማራ፣ በሌላው የአንዲስ ቋንቋ፣ «ያቲሪ» ይባላል፣ «ያቲኛ» ማወቅ ነው። በኬቹዋ «ያቻቅ» የሚባልም አለ፣ «ያቻይ» አሁንም ማወቅ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ታሞ መድኃኒት ሲጠፋ «እስቲ ዐዋቂ ቤት ውሰዱት» ይባል የለ? ቃል በቃል ገጠመ እኮ! «ዐዋቂ» ከግዕዙ «ዖቀ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ማወቅም መጠንቀቅም አለበት፤ ስለዚህ እባክዎ በዐይኑ «ዐ» ይጻፉት። «ዐዋቂ ለአካለ መጠን የደረሰም ነው፣ ያምታታል» ይሉኝ ይሆናል። «ዐዋቂ ቤት» ሲባል ማንም አይምታታም።

«ሻማን» የሳይቤሪያ ቃል ነው። ከኤቨንኪዎች፣ ከዚያው ነባር ሕዝብ፣ ወደ ሩሲያኛ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። ሥሩን እስከ ሳንስክሪቱ «ሽራማና» ድረስ፣ ትርጉሙ ተንከራታች መነኩሴ ማለት ነው፣ የሚጎትቱትም አሉ። የትም ይነሳ፣ ከአንዲስ አልተነሳም። ለጆሮዬም ከ«ሻማ»ና ከ«ሸማኔ» ጋር ይጋጭብኛል። በዚህ ላይ የአገሩን ቃል መጻፍ ቢፈልጉ፣ የእኛ ፊደል ለኩስኮው ኬቹዋ ፈንጂ ድምፆች እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ቀ ያሉት እዚያም አሉ። ላቲኑ በጭረት የሚያስጨንቀውን እኛ በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን። በኩስኮ ክልል ያሉትን ሕዝብ «ቄሮ» ብለን ስንጽፍ ለድምፁ ይቀርባል፤ ከኦሮምኛው «ቄሮ» ጋር ግን ዝምድና የለውም።

አሁን ወደ «ጥምቀት»። በኩስኮ አካባቢ ከሥርዓቱ ስሞች አንዱ «ካርፓይ» ነው፤ ገበሬው ዘንድ ያው ቃል ማሳ ማጠጣት ነው። ውኃ ስላለበት «ጥምቀት» ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ግን የ«ጥምቀት» ሥሩ መንከር ነው። የተነከረ ይወጣል፤ ማሳ ግን የጠጣውን ይዞ ያበቅላል። ደግሞስ ጥር 11ን ከአንባቢ አእምሮ ማን ያወጣዋል? በአንዲስ ተራኪዎች አፍ መብረቁ ሦስቴ ይመታል። መጀመሪያ ይገድላል፣ ሁለተኛ ይበታትናል፣ ሦስተኛ ይገጣጥማል፤ ያን ጊዜ ሰው ካየው አይነሳም ይባላል። ይሄ መነከር አይደለም።

እኔ «ማብቃት» እላለሁ። «የበቃ አባት» እንደምንለው፣ «ለዚህ ያበቃኝ» እንደምንለው። አብቂው ከውጭ ነው፤ መብረቁ ነው፣ ተራራው ነው። ማስረጃ ብቻ ብከተል «ካርፓይ» ወደ «ማጠጣት»፣ «ካማስቃ» ወደ «ኃይል ማሳደር» እንደሚወስደኝ ዐውቃለሁ። ጆሮዬ ግን «ማብቃት»ን መረጠ፣ አልለቀውም። «የማብቂያ ሥርዓት» ብቻ እንዳይሉ፤ የማለቂያ ይመስላል።

ለጓደኛዎም ይህን ይንገሩልኝ። ዛሬ ኩስኮ ውስጥ አስጎብኚውም «ቻማን» ይላል፣ በአማርኛም «ሻማን» መጻፍ ተለምዷል። ደስ ባይለኝም የገባን ቃል አላስወጣም። የግድ ከሆነ አንዴ፣ መግቢያው ላይ፣ «ሻማን የሚባሉት ዐዋቂዎች» ብለው ይለፉት። ርእሱ ግን «የአንዲስ ዐዋቂዎች የማብቃት ሥርዓት አመጣጥ» ይሁን።