ስለ አንጎል ሞት ጥናቶች ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የምሠራ ሐኪም ነኝ። በአንጎል ሞት ላይ የሚታተሙ ጥናቶችን ለዓመታት ተከታትያለሁ። የአንጎል ሞት ማለት አንጎል ላይመለስ ሥራውን ሲያቆም፣ ልብ በመተንፈሻ ማሽን እርዳታ እየመታ ሳለ እንኳ፣ የሚታወጅ ሞት ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአንጎል ሞት የተፈለሰፈው ለንቅለ ተከላ አካል ለማግኘት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም። የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ በዲሴምበር 1967 ኬፕ ታውን ውስጥ ተደረገ። በዓመቱ የአሜሪካው ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የአንጎል ሞትን መስፈርት ሲያወጣ የንቅለ ተከላን ጉዳይ በግልጽ ጠቅሷል። ግን ነገሩ ከዚያ ይቀድማል። ሞላሬ እና ጉሎን የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1959 ከኮማ ያለፈ ያሉትን ሁኔታ 23 ታካሚዎችን ይዘው ጽፈውታል። መነሻው የመተንፈሻ ማሽን ነው። ማሽኑ ባይኖር ኖሮ አንጎሉ ያበቃለት ሰው ትንፋሹ ይቆማል፣ ልቡም ይከተላል። ስለዚህ «ለልገሳ ሲባል ተፈጠረ» የሚለው ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ «ሞተ ተብሎ ነቃ» የሚል ዜና በየጊዜው አያለሁ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ በ2010 የታተሙ ጥናቶችን ገምግሞ ነበር። በትክክል ተመርምሮ የአንጎል ሞት ከተባለ በኋላ የአንጎል ሥራው የተመለሰለት አዋቂ ሰው አላገኘም። ዜናው ብዙ ጊዜ ኮማን ከአንጎል ሞት ጋር ያምታታል። አንዳንዴ ደግሞ ምርመራው ራሱ በጥድፊያ የተሠራ ይሆናል። ማደንዘዣ፣ መመረዝ ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ የአንጎል ሞት ሊያስመስል ይችላል። ለዚህ ነው የአሁን መመሪያዎች ሙቀቱ ቢያንስ 36 ዲግሪ ይሁን፣ ልቡ ቆሞ ከተነሣ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠበቅ የሚሉት። እጅ ሲንቀሳቀስ ያዩ ቤተሰቦችም ይደነግጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። ያ እንቅስቃሴ ግን አንጎል ሳያዝዘው ከአከርካሪ ገመድ የሚመጣ ሪፍሌክስ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማስረጃው ጠንካራ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የሚነጻጸር ጥናት በዚህ ጉዳይ መሥራት አይቻልም። ምርመራው ካበቃ በኋላ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚከታተል የለም። ብዙው መመሪያ የባለሙያዎች ስምምነት ነው። ሹሞን የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1998 ያሳተመው ጽሑፍም ሰላም የነሳው ለዚህ ነው። ማሽኑ ሳይነቀልላቸው አካላቸው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የቆየ ሰዎችን ሰበሰበ። አልነቁም። ግን «አንጎል ከሞተ አካል ወዲያው ይበታተናል» የሚለውን መከራከሪያ ክፉኛ አናጋው።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ የሚፈተነው እንዴት ነው?

መልስ፦ ኦክስጅን እየተሰጠ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይለያል። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመነሻው በ20 ጨምሮ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ደርሶም ትንፋሽ ከሌለ፣ መልሱ ተገኘ።

ጥያቄ፦ የቅርቡ ጥናት በምን ላይ ያተኩራል?

መልስ፦ ወጥነት ላይ። በ2020 በወጣ የዓለም ዳሰሳ መረጃ ከተገኘባቸው 136 አገሮች ይፋ መመሪያ ያላቸው 83 ብቻ ነበሩ። መመሪያዎቹም ይለያያሉ፤ የሐኪሞቹ ብዛት፣ የምርመራው ድግግሞሽ፣ የጥበቃው ሰዓት። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን የጋራ ዝቅተኛ መስፈርት አቀረበ። በ2023 ደግሞ አሜሪካ የአዋቂዎችንና የልጆችን መመሪያ በአንድ ጠቀለለች። እኔን ብትጠይቁኝ ከፍልስፍናው ክርክር ይልቅ ሕይወት የሚነካው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከሞተ በኋላ የተነሣው የአሳማ አንጎልስ?

መልስ፦ አልተነሣም። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ከሞተ አራት ሰዓት ባለፈው አንጎል ውስጥ አንዳንድ የሴል ሥራዎችን መለሱ። ንቃትን የሚያሳይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ አልታየም።

ጥያቄ፦ ሕጉና ምርመራው አይጋጩም?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ይጋጫሉ የሚሉ ብዙ ናቸው። የ1981ዱ ሞዴል ሕግ፣ ማለትም ግዛቶች እንዲያጸድቁት የተዘጋጀው ናሙና፣ ለአንጎል ሞት የመላው አንጎል ሥራ ሁሉ መቆም አለበት ይላል። ነገር ግን የአንጎል ሞት ከተባሉት አንዳንዶቹ ሃይፖታላመሳቸው (ሆርሞን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል) ሆርሞን ማመንጨቱን አያቆምም። ብሪታንያ ከ1976 ጀምሮ የአንጎል ግንድን፣ ማለትም ትንፋሽንና ንቃትን የሚያስኬደውን የታችኛውን ክፍል ብቻ፣ መሠረት ስላደረገች ይህ ጣጣ የለባትም። አሜሪካኖች ሕጉን ለማሻሻል ተሰብስበው ነበር። መስማማት አቅቷቸው በ2023 ሥራውን አቆሙት።