ሚኒ ፒሲው ሲጮህ፦ ፋን ከመጨመርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ገዝተሻል፤ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ቺፕ) ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል፣ ኮር አይ5-6500ቲ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተረት እያነበብሽ ድምፅሽን ትቀጃለሽ። ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ ይነሳና ጩኸቱ ቅጂው ውስጥ ይገባል። ሠሪው ደግሞ ክዳኑን በድሪል በስቼ ሁለተኛ ፋን ልግጠምልሽ ብሎሻል። ልስማማ ወይስ ሌላ መላ አለ ነው ያልሽው። ክዳኑ አይበሳ። ሌላ መላ አለ፣ አብዛኛውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔ አዲስ አበባ፣ ለቡ አካባቢ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዲህ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ድምፅ ስቀዳና ሳስተካክል አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት ሠሪው የመከረሽን ነበር። ባለ 4 ሳንቲሜትር ፈጣን ፋን ገዝቼ ጎኗ ላይ አሰርኩ። ሙቀቱ የቀነሰው 3 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ድምፁ ግን ሁለት ሆነ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ከዚያ ቀን በኋላ የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ነፋሱን በምን ልጨምር?» ሳይሆን «ይሄ ፋን ምን አስቸኮለው?» ማለት ጀመርኩ።

የፋን ጩኸት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይሄድም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ ጆሯችን ደግሞ የ10 ዴሲቤል ቅናሽን እንደ ግማሽ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ፋኑን በጥቂቱ እንኳ ማረጋጋት ከቻልሽ ትርፉ ትልቅ ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳትሽ በፊት ለኪ። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ምንም ሳትሠሪ የሚታየውን ዲግሪ ጻፊ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው 10 ደቂቃ ሠርተሽ እንደገና ጻፊ። ሥራ ላይ እስከ 80 መድረሱ አያስደነግጥም፤ ፕሮሰሰሩ 100 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን ተመልከቺ። ሥራ እንደጀመርሽ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ከ50 ወደ 90 የሚዘል ከሆነ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ በላዩ ወደተጫነው ሙቀት ሳቢ ብረት (ሂት ሲንክ) እየተሻገረ አይደለም፤ ጥፋቱ የቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት ነው። ቀስ እያለ በደቂቃዎች የሚወጣ ከሆነ ግን ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሏል፣ አየሩ ነው ይዞት መውጣት ያቃተው፤ አቧራ ወይም የተዘጋ ቦታ ማለት ነው። የእኔ ሁለቱም ነበረበት፣ ያንቺም እንደዚያ ይመስለኛል።

አሁን መክፈት። አዳፕተሩን ንቀዪና ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኚው፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ንጹሕ ሊመስልሽ ይችላል፤ አትታለዪ። አቧራው የሚደበቀው በፋኑና በሂት ሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል ነው፣ ከውጭ አይታይም። በእኛ ቤት ደግሞ ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ሰንደል ይለኮሳል። የጭሱ ቅባት አቧራውን ያጣብቀውና እንደ ብርድ ልብስ ያደርገዋል። ከውጭ በብሎወር ቢነፉት ወደ ውስጥ ይበልጥ ይጠቀጠቃል እንጂ አይወጣም። ፋኑን የያዙትን ብሎኖች ፍቺና አንሺው። እኔ ሳነሳው ከሥሩ ግራጫ ምንጣፍ ነበር፣ በጣቴ ይዤ እንደ ጨርቅ ነው የላጥኩት። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ብሎወር የምትጠቀሚ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው፤ ከልክ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል።

ፔስቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ትልቁን ለውጥ ያየሁት እዚያ ነውና። ያገለገሉ ሚኒ ፒሲዎች እኛ እጅ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተቀባው ፔስት ያን ሁሉ ጊዜ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ይደርቃል፤ የእኔን ስከፍተው እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈር ነበር። የሂት ሲንኩን ብሎኖች አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ፤ በሰያፍ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እያቀያየርሽ፣ ጥቂት ጥቂት አላሊ። አሮጌውን ፔስት ክር በማይተው ጨርቅና በአልኮል ጥረጊ፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይሻላል፣ የፋርማሲው 70 ከመቶም ይሠራል፣ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ መሐሉ ላይ ከአተር ፍሬ ትንሽ ያነሰ ጠብታ ብቻ አድርጊና ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርገሽ ጫኚው፤ ስታጠብቂም በሰያፍ። ፔስት ፍራሽ አይደለም። ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ዓይን የማያያቸውን ጎድጓዳ ቦታዎች መሙላት ነው፤ ሲበዛ ሙቀቱን ያግዳል። ከታወቁት አንዱን፣ ለምሳሌ አርክቲክ ኤምኤክስ-4ን፣ እሽጉ ያልተከፈተውን ግዢ። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሉሽን አትስሚ፤ ውሃው ሲደርቅ ከነበረው ይብሳል።

በዚህ ብቻ የእኔ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ከ91 ወደ 74 ወረደ። ፋኑን ማንም ሳይነካው ራሱ ተረጋጋ። ለመክፈት እጅሽ የሚፈራ ከሆነ ሠሪው ፊትሽ ይሥራልሽ፤ የምትጠይቂው ግን ጽዳትና ፔስት ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ። ያንቺ ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሥራ ሲመጣበት ቱርቦ በሚባለው እስከ 3.1 ይዘላል። ሲዘል ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ ሳይሆን በቮልቴጁ ስኩዌር (ራሱን በራሱ ሲባዛ) ጭምር ነው የሚያድገው። ያቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ናት ከሁሉ በላይ የምታሞቀው፣ ድምፅ ለመቅዳት ደግሞ አታስፈልግሽም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓኔል ግቢ፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፤ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 ቀይሪው። አንድ ቁጥር ናት፣ ግን ቱርቦውን ታጠፋዋለች። ቪዲዮ የምታቀናብሪበት ቀን ወደ 100 መመለስ ትችያለሽ።

ይህ ለቀጂ ሰው ከሙቀቱ በላይ ጥቅም አለው። ቅጂን የሚያበላሸው የፋኑ መኖር ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጩኸት መቀነሻ) ስትጠቀሚ ፕሮግራሙ ዝም ካልሽበት ቦታ የጩኸቱን መልክ ይማርና ያንኑ ከሌላው ቦታ ይቀንሳል። ፋኑ አንድ ዓይነት ዝቅተኛ እምምታ ከሆነ በደንብ ይወጣል። ተረቱ መሐል ላይ ተነስቶ፣ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ ግን የተማረው መልክ አይገጥምለትም፤ ወይ ጩኸቱ ይቀራል ወይ ድምፅሽ ይደርቃል። እኔ ቱርቦውን ካጠፋሁ ወዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ስቀዳ ፋኑ ከአንድ ቃና አይወጣም፤ ቅጂ እንደገና መጀመር ከቀረ ቆየ።

ስትቀጂ ብራውዘሩን ዝጊ። ስድስተኛ ትውልድ ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ9 የተባለ የቪዲዮ ማመቂያ ሙሉ በሙሉ በሃርድዌር መፍታት ስለማይችል ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ኤች264ፋይ የሚባለው የብራውዘር ማከያ ይህን ያቃልላል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥም ስለ ፋን ወይም ስለ አኩስቲክ የሚል ምርጫ ካለ ዝምታውን የሚያስቀድመውን ምረጪ፤ ግን ከጽዳቱ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን።

የውጭ አገር ሰዎች ከሚጽፉት የሙቀት ቁጥር ጋር ራስሽን አታወዳድሪ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ያንሳል፤ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ። ለዚህ ነው የአንዳንድ ኮምፒውተሮች መግለጫ ላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል ተብሎ የሚጻፈው። የሚክሰን የከተማችን ብርድ ነው። ድሬዳዋ ያለው የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ማሽን አለው፤ ከፍታው ዝቅ ቢልለትም የክፍሉ ሙቀት እንዳለ ቁጥሩ ላይ ስለሚደመርበት ግንቦት ላይ ከእኔ ከ10 ዲግሪ በላይ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቦታው። ቡፌ ውስጥ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ ነው የተቀመጠው ብለሻል። አውጪው። እዚያ ውስጥ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከሥሩ ካረጀ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ አራት ቁራጭ ቆርጠሽ እግር አድርጊለት፤ አየር ያስገባለታል፣ ንዝረቱንም ያስቀረዋል። ባዶ መሳቢያ ያለው የእንጨት ጠረጴዛ ትንሽ ንዝረት ተቀብሎ እንደ ከበሮ ያጎላዋል፣ ብዙ ሰው ፋን ነው ብሎ የሚያማርረው ጠረጴዛውን ነው። ማይክሽ ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ ያለውን የሚሰማ) ከሆነ ኮምፒውተሩን ከማይኩ ጀርባ በኩል አድርጊው፤ በዚያ በኩል መስማቱ በጣም ደካማ ነው። ረዘም ያለ ኬብል ካገኘሽም አርቂው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚሞቅ ከሆነ ያን ጊዜ ፋን እንጨምር፣ ግን ትልቅና ዘገምተኛ። ባለ 12 ሳንቲሜትር የዴስክቶፕ ፋን 12 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ በዩኤስቢ 5 ቮልት ስትሰጪው ተንቀርፍፎ ይዞራል፣ ክንዴን ዘርግቼ በምደርስበት ርቀት እንኳ አይሰማኝም። ለዚሁ የተሠራ የዩኤስቢ ገመድ አለ። ስትገዢ እዚያው አስሞክሪ፤ ሳይገፉት በራሱ የማይነሳ ከሆነ ተዪው። ክዳኑን ሳትበሺ አየር በሚስብበት ቀዳዳ ላይ አስተኚው፣ በመሐል ያንኑ የነጠላ ጫማ ቁራጭ አድርጊ። ኮምፒውተሩ አየር የሚስበው በየት እንደሆነ በቀጭን የሶፍት ቁራጭ ታውቂያለሽ፤ ወረቀቱ ከተጣበቀ መግቢያው ነው። አዲሱ ፋን በዚያው አቅጣጫ ይንፋ፣ ከውስጠኛው ጋር ከተጓተተ ጉዳት ነው። የእኔን ሌላ 6 ዲግሪ አውርዶልኛል።

አንድ ነገር ብቻ በዚህ ሁሉ አይድንም። ፋኑ ቀስ ብሎ ሲዞርም የሚያንኳኳ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል። ተለጣፊው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ያንኑ አስፈልጊ።

ሁለቱን ቁጥሮች፣ ዝም ሲል ያለውንና ከ10 ደቂቃ በኋላ ያለውን፣ እዚሁ ጻፊልኝ። በሰከንድ ይዝለል ወይስ በደቂቃ ይውጣ የሚለውንም አትርሺ፤ ከየትኛው እንደምትጀምሪ በዚያ እነግርሻለሁ።