ጠይቁን፦ አልማዝ ባለጭራ በስልክ ሲፈለግ

ጥያቄ፦ እናቴ ጎኗ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከትናንት ወዲያ ወጥቶባት እንደ እሳት ያቃጥላታል። ጎረቤቶች «አልማዝ ባለጭራ ነው» አሉ። በስልኬ አስተርጉሜ ብፈልግ የጌጣጌጥ ፎቶ መጣልኝ፤ አንድ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ቅባት ልሽጥልሽ ይላል። እህቴ የፈለገችውን ሁሉ ከኢንተርኔት ታገኛለች፤ እኔ ምን አጠፋሁ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እርስዎ አላጠፉም። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የዳታ ዋጋ፣ የራስ ስልክ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ለውጥ ያመጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉ በፊት የሚያደናቅፈው የበሽታው ስም ይመስለናል። በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው፣ ቃል በቃል ሲተረጎም ደግሞ ስሙ ይጠፋል። አልማዝ ባለጭራ ዕንቁ ሆኖ ይቀራል፤ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ከወፍ ጉንፋን ጋር ይምታታል። ምችንማ ተርጓሚው ከየት ያምጣው!

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የበሽታውን የሕክምና ስም በጉልህ ያስጽፉ። የመድኃኒቱንም እንዲሁ፣ ፋብሪካው ያወጣለትን ሳይሆን ዋናውን ስም። የአልማዝ ባለጭራ ስም ሄርፐስ ዞስተር ነው። «ዞስተር» የሚለውን ከዘለሉ የሚመጣልዎ የከንፈር ቁስል ነው፤ እዚያ አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ቅባት ይመከራል። ለአልማዝ ባለጭራ ቅባቱ አይረዳም። ሐኪም የሚያዘው የሚዋጠውን አሲክሎቪር ነው፤ ለአዋቂ በተለምዶ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ሲሆን ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ የእናትዎ ሰዓት እየሄደ ስለሆነ ፍለጋውን ይተዉና ዛሬውኑ ያሳክሟቸው። የቴሌግራሙን ቅባት አይግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሽፍታው ግንባር ወይም ዓይን አጠገብ የወጣበት ሰው ካለ ግን በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ይሂድ።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ስኳሬ 110 ሆነ። ኢንተርኔት ግን «7 ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው» ይላል። ልሞት ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ኧረ አይሞቱም! ወረቀትዎ ላይ ያለው መለኪያ ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ያነበቡት በሚሊሞል በሊትር የተጻፈ ነው። 7ን በ18 ቢያባዙ 126 ይመጣል፣ የእርስዎ ከዚያ በታች ነው። ሆኖም ከ100 እስከ 125 ያለው የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ ስለሆነ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ ቡናም ሳይጠጡ፣ ሌላ ቀን ጠዋት ይለኩ። ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ሐኪም ያማክሩ።